የአውራ ጣት ጉድጓድ

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ማክሰኞ ጤና ጣቢያ ተራዬን ስጠብቅ፣ ከፊቴ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ የሱሪውን እግር እስከ ጉልበቱ ሰበሰበ። ወጣቷ ነርስ ጎንበስ ብላ ቅልጥሙን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ጣቷን ስታነሳ ቦታው ጎድጉዶ ቀረ፤ እርጥብ ጭቃ የተጫነች ይመስል። እኔ የመጣሁት ለስኳሬ ነበር። በየወሩ ይለኩኛል፣ ይቆጡኛል፣ ኪኒን ይሰጡኛል፣ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። የሰው እግር ላይ ዓይኔን የምተክል ሰው አይደለሁም። ያቺን ጉድጓድ ግን አውቃታለሁ። ቀና ብዬ የሰውየውን ፊት አየሁ።

ዘለቀ ነው። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር። አልለውም። ድሮ ከወንበር ተርፎ ይወርድ የነበረው ሰውነቱ ኮቱ ውስጥ ጠፍቷል። ጉንጩ ገብቷል። ያበጠው እግሩ ብቻ ነው።

«አባባ፣ የልብዎን ኪኒን በየቀኑ እየወሰዱ ነው?» አለችው ነርሷ።

«ምግብ ሲኖር» አለ።

«ሲያቋርጡት እኮ ነው ውሃው እግርዎ ላይ የሚጠራቀመው።»

አብራው የመጣችው ልጁ በሱ ፈንታ መለሰች። «ከምግብ በኋላ ይወሰድ ይላል፣ ሲስተር። በባዶ ሆዱ ሲወስደው ያስመልሰዋል። እኛ ቤት ደግሞ አንዳንድ ቀን...» ብላ አልጨረሰችውም።

መጨረስም አላስፈለጋትም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ፣ ማታ ማታ በሚሰጥ የጎልማሶች ትምህርት ነው። ሰው ሳያግዘኝ አንብቤ የጨረስኩት የመጀመሪያው ነገር መጽሐፍ አልነበረም፤ የራሴ የኪኒን ከረጢት ላይ የተጻፈው ነበር። «ከምግብ በኋላ» ይላል። የጻፈው ሰው ምግቡ ከየት እንደሚመጣ አልጻፈም።

ተራዬ ደርሶ፣ ተለክቼ፣ ተቆጥተውኝ ስወጣ ልጅቷ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«ጋሼ ማርቆስ፣ እርስዎ ከሰፈሩ ሽማግሌዎች አንዱ ነዎት አሉኝ። ቅዳሜ ለምግብ ድጋፍ የሚገባው ሰው ሲመረጥ ለአባቴ ቢመሰክሩለት። ሰው ሁሉ የድሮ ሹም ነው፣ ሀብት ደብቋል እያለ አስቸገረን።»

«አባትሽ ያውቀኛል?» አልኳት።

«አይመስለኝም። እንዲያው ደህና ሰው ናቸው ብለውኝ ነው።»

ደህና ሰው። «እናያለን» አልኳትና ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ባጃጁ በመናኸሪያ በኩል ሲያልፍ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ አልጠቀመኝም። የተጨፈነ ዓይን የበለጠ ያያል።

ያን ጊዜ ጢሜ ገና ማቀምቀም የጀመረ ጎረምሳ ነበርኩ። ሥራዬ እዚያው መናኸሪያ ነው፤ ተሸካሚ። ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ የቆጮ እስር፣ የዶሮ ቅርጫት፣ አልጋ ከነፍራሹ አወርዳለሁ። እናቴ አማረች እዚያው ጥግ ላይ የተቀቀለ በቆሎ ትሸጥ ነበር። አባቴን አላውቀውም። ከወላይታ በኩል ሁለታችን ብቻ መጥተን፣ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ አንዲት የጭቃ ክፍል ውስጥ እንኖር ነበር።

ረሃብ ሲባል ሰው የሚያስበው የተሰነጣጠቀ መሬትና የከብት አጽም ነው። የኛ ረሃብ አረንጓዴ ነበር። የበልጉ ዝናብ ቀረ፣ ሰው ዘሩን በላ፤ ከዚያ ክረምቱ መጣና ዘነበ፣ ዘነበ፣ አገሩን ሁሉ ሣር አለበሰው። በቆሎው ቅጠሉን አንዠርግጎ ቆሟል፣ ፍሬ ግን የለውም። ሐይቁ ሞልቶ ያብረቀርቃል። ከሩቅ የመጣ ሰው መኪናው ውስጥ ሆኖ «እንዴት ያለ ለምለም አገር ነው» ይላል። እኛ በዚያ ልምላሜ መሃል ጎመን ያለ ጨው ቀቅለን እንበላ ነበር። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል በሚባለው ቦታ፣ አሣ አጥማጆቹ የአሣውን ሥጋ ገፈው ጭንቅላቱን ሲጥሉ፣ ከአባ ኮዳ ጋር ተጋፍተን እንለቅም ነበር። አባ ኮዳ ከኔ ቁመት የማይተናነስ፣ ራሱ የተመለጠ ወፍ ነው። ሰው አይፈራም። አንዳንዴ እሱ ያሸንፋል።

በቆሎ ሲወደድ እናቴ የምትቀቅለው አጣች። ቤት ውስጥ የተገኘችውን ለኔ ታቀርባለች። «አንተ ተሸካሚ ነህ፣ ካልበላህ ዕቃው ይጥልሃል። እኔ ተቀማጭ ነኝ» ትላለች። ተቀማጭ ሰው የማይርበው ይመስል።

ከዚያ ማበጥ ጀመረች። መጀመሪያ ጫማዋ እምቢ አላት። ቀጥሎ ቅልጥሟ፣ ቀጥሎ ፊቷ። ዓይኗ ሥር ቆዳዋ ተወጥሮ መብረቅረቅ ጀመረ። ጎረቤቶቿ «አማረች፣ ተስማማሽ እኮ!» ይሏታል። እሷም አመነች። አንድ ጠዋት እግሯን እያየች «ማርቆስ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ወፈርኩ መሰለኝ» አለችኝ። እኔም አላወቅሁም። ደስ አለኝ።

በዚያ ሰሞን የእርዳታ ስንዴ በከባድ መኪና መጣ። ለቀበሌው መጋዘን የምናራግፈው እኛ የመናኸሪያ ልጆች ነበርን። ኩንታሉ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ስንዴው ይሸታል፤ ጎተራ ጎተራ የሚል፣ ደረቅ፣ ጣፋጭ ሽታ። ላቤ ከስንዴው ብናኝ ጋር ተላቁጦ አንገቴ ላይ ይደርቃል። ማታ ቤት ስገባ እናቴ የሱሪዬን እግር እጥፋት ፈትታ ታራግፈዋለች። ከእጥፋቱ ውስጥ የምትወጣውን ፍሬ ሰብስባ ትቆላታለች። የቤታችን እርዳታ እሱ ነበር።

የሚረዳውን ሰው የሚመርጠው ኮሚቴ ነው፤ ኮሚቴው ማለት ደግሞ ሊቀ መንበሩ፣ ዘለቀ። አመራረጡ በዓይን ነበር። ሰው ቀበሌው ግቢ ውስጥ ይቆማል፣ እነሱ እያዩ ያልፋሉ። የከሳ ይገባል፣ ያልከሳ ይወጣል። ይህን የሰማ ሁሉ የተቀደደ ልብስ ተዋሰ፣ ፊቱን አመድ ነካ አደረገ። የኛ ጎረቤት ባለ ሱቁ ሳይቀር የዘበኛውን ካፖርት ለብሶ ቆሞ ነበር። ገባም።

እናቴ ግን ከዋዜማው ጀምራ ገላዋን ታጠበች። ጸጉሯን ተሠራች። ቫዝሊን ከጎረቤት ለምና ያበጠ እግሯንና ፊቷን ተቀባች። ለጸሎት ቤት ብቻ የምታወጣትን ነጭ ነጠላ ለበሰች።

«እማዬ፣ ሰው አመድ ተቀብቶ እየሄደ ነው» አልኳት።

«ድሃ ነኝ እንጂ ቆሻሻ ነኝ እንዴ? ሰው ፊት የምቀርበው ታጥቤ ነው።»

ታጥባ ቀረበች። ያበጠው ፊቷ በቫዝሊኑ ላይ ፀሐይ አርፎበት እንደ ሙሽራ ያበራል። ዘለቀ እፊቷ ሲደርስ ቆመ። ከላይ እስከ ታች አያት። ከዚያ ግቢው ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ፣ እጅ እየነሳ፣ «እመቤቴ! እርስዎማ እኛን ይርዱን እንጂ!» አላት።

ግቢው ሳቀ። አመድ የተቀቡት ሁሉ ሳቁ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች። ቤት ስንደርስ ነጠላውን አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ያ ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከሳቁት ውስጥ ግማሾቹን ቀብሬያለሁ፤ አንዳቸውንም አልረሳሁም።

ትንፋሽ ሲያጥራት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሲስተሯ ጠይም፣ ቆጣ ቆጣ የምትል ሴት ነበረች። እናቴን አስተኝታ ቅልጥሟን ተጫነች፣ ከዚያ እጄን ይዛ «ና፣ አንተም ተጫን» አለችኝ። ተጫንኩ። አውራ ጣቴ ሰመጠ። ሳነሳው ጉድጓዱ ቀረ። የገዛ እናቴ እግር ላይ የጣቴ ቅርጽ ቁጭ ብሎ አየኝ።

«ይኼ ውፍረት አይደለም» አለች። «ውሃ ነው። ሰውነቷ የሚይዝበት ምግብ ስላጣ ውሃው ወጥቶ ቆዳዋ ሥር ተኛ። ረሃብ ነው።»

«መድኃኒቱስ?»

«መድኃኒቱ እህል ነው። እኔ ጋ እህል የለም። ለሊቀ መንበሩ ሂድና ሲስተር እንዲህ አለች በለው» አለችኝ።

ሄድኩ። ዘለቀ ቢሮው በር ላይ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ሰማኝ። «እሷ ታክም፣ እኔ ላከፋፍል። አንተ ደግሞ ስንዴ በሱሪህ እንደምታወጣ አውቃለሁ። ዝም ስላልኩህ ነው እንዴ?» አለኝ። ከኋላው ያለው መጋዘን እስከ ጣሪያው ሞልቶ ነበር። አውቃለሁ፤ የቆለልኩት እኔ ነኝ።

የሚታደልበት ቀን እናቴ መራመድ አልቻለችም። የተሸካሚዎቹን የእጅ ጋሪ አምጥቼ ፍራሽ አነጠፍኩበት።

«ቅባቷን አቀብለኝ» አለችኝ።

«ዛሬ ቅባት የለም።»

«ሰው ፊት እንዲህ ሆኜ?»

«እንዲህ ሆነሽ።» ነጠላዋን ግን አለበስኳት። እሷን እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ሰልፉ ከቀበሌው ግቢ ወጥቶ መንገዱ ዳር ካለው ዋርካ ይደርሳል። ጋሪውን እየገፋሁ ከሰልፉ ጎን አልፌ ቢሮው በረንዳ ፊት አቆምኩት። ዘለቀ ከበረንዳው ጥላ ሥር ወንበሩ ላይ ተዘርግቷል። አያየኝም። ያን ጊዜ የመጣልኝን ሐሳብ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። እግሩ ላይ ወደቅሁ።

የሚለምን ሰው እግር ላይ ሲወድቅ የሚለመነው «ተነሳ ተነሳ» ይላል፤ ደንብ ነው። እሱም ደስ ብሎት፣ እግሩን ትንሽ ወደፊት ዘርጋ አድርጎ፣ «ተነሳ ባክህ፣ ተነሳ» አለ። አልተነሳሁም። በአንድ እጄ ቁርጭምጭሚቱን ጨበጥኩ፣ በሌላው የሱሪውን እግር ወደ ላይ ሰበሰብኩ፣ ሲስተሯ እንዳሳየችኝ አድርጌ ቅልጥሙን በአውራ ጣቴ ተጫንኩ። ጥንካሬዬን አልቆጠብኩም። ስለቀው ሥጋው እንደተነፋ ኳስ ተመለሰ።

ዘወር ብዬ የእናቴን እግር ተጫንኩ። ጉድጓዱ ቀረ።

«እዩ!» አልኩ። «ሲስተሯ ረሃብ ነው ብላለች! የማንኛችን እግር ነው የጎደጎደው?»

ከሰልፉ ፊት የቆሙ አንዲት አሮጊት አንገታቸውን አስግገው ሁለቱን እግሮች እያፈራረቁ አዩ። «ኧረ የሱማ ተመለሰ!» አሉ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ስንዴው ተስማምቶዎታል!» አለ ሌላ ከኋላ።

አሁን የተሳቀው በሱ ነው። ከዚያ ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ። አሮጊቷ ቀሚሳቸውን ገለጥ አድርገው የራሳቸውን ቅልጥም ተጫኑ። አጠገባቸው ያለችው ሴትም ተጫነች። ቀስ በቀስ ሰልፉ ሁሉ፣ እስከ ዋርካው ድረስ፣ ጎንበስ ብሎ የየራሱን እግር መጫን ጀመረ። ያ ሁሉ ሰው አጎንብሶ ጣቱ ያረፈበትን ያያል። ሳቁ ቆመ። አንዳንዱ ተጭኖ ሲያነሳ ጎረቤቱን ያየዋል። ባለ ሱቁ ብቻ ሱሪውን አልሰበሰበም።

የዘለቀ ፊት ደም መሰለ። ጥበቃዎቹን ጠራ። በዱላ ከደበደቡኝ በኋላ ቀበሌው ጓሮ ካለች ክፍል ውስጥ ወርውረው ቆለፉብኝ። በጣውላው ቀዳዳ አፍንጫዬን አስጠግቼ ስሰማ፣ ለእናቴ ከመጋዘኑ አንድ ፍሬ እንዳይሰጣት ሲያዝ ሰማሁት። እሱ አልሰጣትም። ሴቶቹ ግን የየድርሻቸውን ይዘው ሲወጡ በጋሪው በኩል እያለፉ እፍኝ እፍኝ ነጠላዋ ላይ አፈሰሱላት። አሮጊቷ ጋሪውን አስገፍተው ቤቷ አደረሷት። ይህን በኋላ ነው የነገሩኝ።

በዚያ ስንዴ እብጠቷ ወረደ። ሲወርድ ግን ከሥሩ የቀረችው ሴትዮ አንዲት ፍሬ ነበረች። ዘለቀ ከእርዳታው ለዘለዓለም ሰረዛት፤ እኔንም ከመናኸሪያ አስባረረኝ። የቀን ሥራ ፍለጋ እስከ ሻሸመኔ በእግሬ ተመላለስኩ። ረሃቡ በሚቀጥለው መኸር አለቀ ተባለ። ስንዴ ረከሰ፣ መኪኖቹ መምጣት አቆሙ። ረሃብ ከአገር ሲወጣ ከሰው ሰውነት አብሮ የሚወጣ ይመስላቸዋል። የእናቴ ልብ ከዚያ በኋላ አልተነሳም። ከሐይቁ ውሃ ቀድታ ስትመጣ ግማሽ መንገድ ላይ ትቀመጣለች። በሚቀጥለው ክረምት፣ በቆሎው ሳይደርስ፣ ሞተች። ሆስፒታል ያያት ሐኪም «ልብ ነው» አለኝ። ልቡን ማን እንዳደከመው አልጠየቀኝም።

ለቅሶው ላይ ዘለቀ መጣ። የቀበሌ ሊቀ መንበር ለቅሶ ይደርሳላ! ድንኳን ውስጥ ገባ፣ «እግዜር ያጽናህ» አለኝ፣ ተቀመጠ። ንፍሮ ቀረበ። እፍኙን ሙሉ አድርጎ በላ። የስንዴና የሽምብራ ንፍሮ ነበር፤ ጨው ይጎድለዋል ብሎ ጨው አስጨመረ። አጠገቤ የነበሩ ሰዎች እጄን ጨብጠው ያዙኝ። ድምፅ ሳላወጣ፣ በእናቴ አፈር፣ አንድ ነገር ማልኩ።

እነሆ ቅዳሜ ደረሰ።

ምርጫው የተደረገው በዚያው በድሮው ግቢ ነው። መጋዘኑ ፈርሶ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል። የዛሬዎቹ በዓይን አይመርጡም፤ ሰፈሩ ይመሰክራል፣ እጅ ይወጣል። የሚመራው ወጣት «ስለ አቶ ዘለቀ የሚያውቅ?» ሲል ማጉረምረም ተነሳ። «ሹም ነበሩ እኮ።» «መሬት ሸጠው በልተዋል።» ልጁ አንገቷን ደፍታለች። ዘለቀ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ለመስማት ይሞክራል።

ተነሳሁ። «እናቴ አማረች ትባል ነበር» አልኩ፤ ሁሉንም ተናገርኩ። ቫዝሊኑን፣ «እኛን ይርዱን እንጂ»ን፣ ጋሪውን፣ የለቅሶውን ንፍሮ ከነጨው ጥያቄው። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እንዲሰማው። ልጁ አለቀሰች። አላዘንኩላትም፤ እኔም አልቅሻለሁ።

«አሁን የተጠየቅሁትን ልመልስ» አልኩ። «ቤቱ ምግብ የለም። የልብ ኪኒኑን በባዶ ሆዱ እየዋጠ ያስመልሰዋል። ጤና ጣቢያ ቁጭ ብዬ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይገባዋል።» እጄን አወጣሁ። የሌሎቹም እጅ ተከትሎ ወጣ።

አጠገቤ ያሉ እናት «እግዚአብሔር ይባርክህ፣ ይቅር ባይ ነህ» አሉኝ።

«ይቅር አላልኩም፣ እማማ» አልኳቸው። «ሰው ማስራብ የሱ ሙያ ነው፤ ከሱ ሙያ አልማርም። ደግሞ ቶሎ ከሞተ ያመልጠኛል። በወር በወሩ ዘይቱንና ዱቄቱን ሲወስድ የማን እጅ እንደወጣለት እያወቀ ይብላ።»

ዘለቀ አሁን ወደኔ ዞሮ ነበር። ብዙ ጊዜ አየኝ። «ነጠላዋ ነጭ የነበረች?» አለ።

«እሷ» አልኩት።

ዘለቀ ጎንበስ ብሎ የሱሪውን እግር ሰበሰበ። በገዛ አውራ ጣቱ ቅልጥሙን ተጫነ። ጣቱን አንስቶ ጉድጓዱን አየ። እኔም አየሁ። ቀስ እያለ ነው የሚሞላው። ቶሎ እንዲሞላ አልፈለግሁም።

ፓስተራችን ይህን ቢያነብ ያዝንብኛል። ይዘን። ይቅርታ የሚሰብከው ሰው ቁርሱን በልቶ ነው የሚሰብከው። እኔ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ኪኒኔን አንድ ቀን አልዘለልኩም፤ ጠዋት ቂጣዬን ቆርሼ፣ በውሃ አወራርጄ፣ ከምግብ በኋላ እውጠዋለሁ። ማታ ከመተኛቴ በፊት ቅልጥሜን እጫናለሁ። እስካሁን ይመለሳል። ነርሷ ስኳሬ ወረደ ብላ «ጎበዝ ጋሼ፣ ምን ተገኘ?» ትለኛለች። እስቃለሁ እንጂ አልነግራትም። ለምንድነው መኖር የምፈልገው? እንደማልኩት፣ በዘለቀ ለቅሶ ላይ ንፍሮ ልበላ ነው። ጨው አስጨምሬ።